ሁለት ጣት፣ ወደ ላይ

ጥቅምት 22

ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህን እጠይቃለሁ፤ ጉልበትህን ለብቻ፣ ጆሮህን ለብቻ። እኔ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ደህና ነኝ፤ ምላሴማ እንደምታውቀው አንድ ቀንም ታሞ አያውቅም።

«የመስታወት ቤት በቦይለር ላሙቅ የምትይው ምን ነክቶሽ ነው?» ላልከው መልሱ ይኸውልህ። ምንም አልነካኝም፤ ጨንቆኝ ነው። አምናና ካቻምና ብርዱ ችግኞቼን ምን እንዳደረጋቸው ጽፌልሃለሁ። ማታ ቀጥ ብለው የተውኳቸው ጠዋት ስገባ የፈላ ውሃ የፈሰሰባቸው መስለው መደባቸው ላይ ተኝተው ነበር የማገኛቸው። ዘንድሮ ደግሞ ለችግኝ ጣቢያችን አዲስ ኃላፊ መጥቷል። እኛ «ይታያል» ነው የምንለው፤ ምን ብትጠይቀው መልሱ «ይታያል» ነው። ቁርጥ ያለ ነገር ሲናገር የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጥር 8 ቀን ከከተማው ሰዎች ጋር መጥቶ ቤቱን ያያል። ችግኙ ለሦስተኛ ጊዜ በብርድ ካለቀ መስታወቱ ተነቅሎ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። እስቲ አስበው ጋሼ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጄ ውሃ ባጠጣሁት አፈር ላይ ጎማ!

እኔን ሜዳ ላይ አይጥሉኝም፤ ቢሮ አስገብተው ወረቀት ያስደረድሩኝ ይሆናል። ግን ወረቀት ጠዋት ስትገባበት ከትናንት አድጎ አይጠብቅህም። እኔ ደግሞ ያንን ለምጃለሁ።

ቦይለሩን ከየት አመጣሽው ላልከው፣ ከድሮው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነው። ቤቱ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ቦይለሩ ግን ጓሮ ውስጥ ጆንያ ተከናንቦ ቆሟል። ይታያልን «ልውሰደው?» አልኩት፤ «ይታያል» አለኝ። እኔም እሺ ማለቱ ነው ብዬ በጋሪ አስጭኜ አስመጣሁት። ቁመቱ እኔን ያክላል። ወገቡም እኔን ያክላል ብትል አልቀየምህም።

በያጅ አግኝቻለሁ፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ጉራው ይብሳል እንጂ። ቧንቧ አለ። ለማገዶ ከአናጺዎቹ ቁርጥራጭ እንጨት እንደ ልብ ነው። የጎደለን የሚያውቅ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ላይ የቆመ ወንድም እያለኝ ማንን ልጠይቅ? ቧንቧው እንዴት ይዘርጋ፣ ወዴት ያዘንብል፣ ቫልቩ የት ይሁን፣ አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ። ስልክማ ሁለተኛ አልደውልም። ባለፈው አንተ «ሃሎ! ማነው? ሃሎ!» ስትል፣ እኔ ስጮህ፣ ጎረቤቶቼ የተጣላሁ መስሏቸው ሊገላግሉኝ መጡ።

ደግሞ አንድ ነገር። የድሮ ደብዳቤዎችህ ጠርዛቸው ላይ ሁልጊዜ የአውራ ጣትህ ጥላሸት ነበረባቸው። ያለፉት ሦስቱ ነጭ በነጭ ናቸው። በዚህ ዕድሜህ እጅ መታጠብ ጀመርክ እንዴ?

እህትህ ፌንጣ


ኅዳር 4

ለፌንጣ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አራት ገጽ ነው። ቦይለሩን የሚመለከተው ግማሽ ገጽ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

በያጁም ያንብበው። ቦይለሩ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ። ከአናቱ የሚወጣው ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይውጣና በችግኝ መደቦቹ ሥር እስከ ቤቱ መጨረሻ ይሂድ። ሲሄድ ወደ ታች ያዘንብል፤ በየሁለት እርምጃው አንድ ጣት። ይህን እንዳትረሺ። መጨረሻው ጥግ ላይ ይዙርና እንደገና እያዘነበለ ተመልሶ ከቦይለሩ ሥር ይግባ። መዞሪያው ላይ ትንሽ ቫልቭ አድርጉበት፤ የተጠራቀመው ይወጣበታል። ውሃ ሲጎድል የሚሞላ በርሜል ከቦይለሩ በላይ ሰቅላችሁ ከመመለሻው ቧንቧ ጋር አገናኙት። ክዳኑ ልል ይሁን፣ እንዳታጠብቁት።

ጆሮዬ ከሄደ ወዲህ የምሠራበትን ዘዴ ልንገርሽ። ክንድ የሚያክል ደረቅ እንጨት ፈልጊ። አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ አስደግፊ፣ ሌላውን በፊት ጥርስሽ ንከሺ። ከዚያ ቧንቧውን በጠጠር ቆርቆር አድርጊው። ጆሮ የማይሰማውን ጥርስ ይሰማል። ውሃ የሞላው ቧንቧ ድምፁ ወፍራም ነው። ባዶው ይጮኻል። ሰው ሲስቅብሽ አትልቀቂው።

እዚህ ሁሉም እንደነበረ ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 26

ለወንድም ጋሼ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታህን! ይቅርታዬ ደግሞ ድርቅ ያለ እንዳይሆን ምክንያቱንም ልንገርህ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እስክርቢቶ ሳይሆን ቧንቧ ነው የያዝኩት።

ደብዳቤህን በትልልቅ ፊደል ገልብጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። በያጁ ጠዋት ሲገባ ቆሞ ያነበዋል፣ ሲወጣም ያነበዋል፤ ቆቡን የሚያወልቅለት ሁሉ ይመስለኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስላንተ ብዙ አውርቻለሁ። «ጋሼ አንዴ የተናገረው ነገር አይታጠፍም» ብያለሁ። «ጋሼ በሩን ሳይከፍት በግድግዳው በኩል ቦይለሩ ስንት ላይ እንደደረሰ ያውቃል» ብያለሁ። እውነቴን ነው እንጂ! አብራኝ የምትሠራው ረጅሟ፣ ዘር የምትዘራዋ፣ መስማት ሲሰለቻት «ኧረ ይሄ ወንድምሽ ሰው ነው ወይስ ፋብሪካ?» አለችኝ።

ቦይለሩን በሩ አጠገብ ተከልነው፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ጥግ ሠላሳ እርምጃ ነው። አንተ እንዳልከው በየሁለት እርምጃው አንድ ጣት ዝቅ እያደረግን፣ በውሃ ልክ እየለካን ዘረጋነው። ብታየው ሲያምር! እኔ ሥራው እስኪያልቅ ከሥሩ አልተነሳሁም፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ጭቃ የጭቃ ቤት ያቆማል።

ኅዳር 20 ጠዋት እሳቱን ለኮስነው። ጋሼ፣ ምን ልበልህ! መጀመሪያ ጭሱ ዓይናችንን አጠፋው፣ ቀጥሎ ጭስ ማውጫው ሲስብ እሳቱ ጉም ጉም አለ። ከሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ያለው መደብ እጅ ሲያስቀምጡበት የተኛ ድመት ሆድ ሆነ። ረጅሟ ሹራቧን አወለቀች። በያጁ «አላልኩም?» አለ። ምንም ያለው ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም «ብለሃል» አልነው።

ስለዚህ ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ ምንም አታስብ።

ስለ እጅህ የጠየቅኩህን ደግሞ ዘለልከው፤ አይቼሃለሁ።

እህትህ ፌንጣ

ይህን ልረሳው ነበር። አንዲት የማውቃት ሴት አለች፣ ሌላ ቦታ ነው ያለችው፣ እሷም እንደኔው ቦይለር ተክላለች። የእሷ ቤት በበሩ በኩል ይሞቅና ከመሃል ወዲያ ያለው ቧንቧ ግን በረዶ ነው። ለእሷ ምን ትላታለህ? የማያስቸኩል ነገር ነው። ትንሽ ያስቸኩላል።


ታኅሣሥ 5

ለፌንጣ፣

የምታውቂያትን ሴት እኔም አውቃታለሁ። ደብዳቤዋ ረጅም ነው።

ነገሩ ግልጽ ነው፤ ማዘንበሉ አንሶ ነው። አንድ ጣት ያልኩትን ሁለት ጣት አድርጉት። የመጨረሻው ጥግ ወደ ታች ይበልጥ ይውረድ። ቫልቩን በየጠዋቱ ክፈቱት። ከዚያ ካልሞቀ በያጁ ሰነፍ ነው።

ስለ እጄ ለጠየቅሽው፣ እዚህ ሳሙና አለ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 18

ለማከብርህ፣ ለምወድህ፣ እንደ አባት ለማይህ ለወንድም ጋሼ፣

አጠራሬ ሲረዝም ያጠፋሁት ነገር እንዳለ ገብቶሃል። ቁጭ በል። ተቀምጠሃል?

መጀመሪያ የደበቅኩህን ልናዘዝ። የምታውቃት ሴት እኔ እንደሆንኩ አውቀሃል፤ ያላወቅከው የተቃጠሉትን ነው። በብርድ ማለቴ ነው። ሁለት መቶ አርባ የቃሪያ ችግኝ። ቤቱ ሞቋል ብዬ አምኜ መጨረሻው ጥግ ላይ አስቀምጬያቸው ነበር፤ ጠዋት አንድም የቀና አልነበረም። ለአንተ ስጽፍ እኮ ሬሳቸውን ጠራርጌ መምጣቴ ነበር። «ሁሉ ነገር ደህና ነው» ያልኩህ እጄ አፈር እንደሆነ ነው። የቀሩትን ሦስት ሺህ በበሩ በኩል አንዱን ሳጥን በሌላው ላይ ደርድረን አጨናነቅናቸው። ብርሃን አጥተው ቢጫ መሆን ጀመሩ። ወይ በብርድ ይሞታሉ ወይ በጨለማ፤ ጥር 8 ደግሞ እየሮጠ ይመጣል።

የታኅሣሥ አምስቱ ደብዳቤህ ሲደርሰን በያጁ አነበበውና መሣሪያውን አነሳ። «ሁለት ጣት ወደ ታች» አለ። ለካነው። ሁለት ጣት ካወረድነው ጥጉ ላይ ያለው ቧንቧ መሬት ውስጥ ሊገባ ነው። «ይገባላ፣ እንቆፍራለን» አለ። ለምሳ እንደወጡ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ያን ጊዜ እንጨትህ ትዝ አለኝ።

እውነት ለመናገር እስከዚያ ቀን አፍሬ አልሞከርኩትም ነበር። የተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ አገኘሁ፣ ቆረጥኩት፣ በፊት ጥርሴ ነከስኩት፣ አጎነበስኩ። በጠጠር ቆርቆር። የመጀመሪያውን የሞከርኩት ጥጉ ላይ፣ ቀዝቃዛው ጋ ነው፤ ባዶ ይሆናል ብዬ። ዱብ፣ ዱብ አለ። ወፍራም! ውሃ ሞልቶታል! መሃል ላይ መጣሁ፤ ወፍራም። እንዲህ እያልኩ በጉልበቴ እስከ ቦይለሩ ድረስ መጣሁ። ቧንቧው ከቦይለሩ ወጥቶ ወደ መደቦቹ የሚታጠፍበት፣ ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ፣ እዚያ ላይ ስመታው ጋሼ፣ ድምፁ ከጥርሴ አልፎ አንጎሌ ውስጥ ጮኸ። ባዶ ድስት!

እንጨቱን እንደነከስኩ ቀና ስል ረጅሟ በር ላይ ቆማለች። «ይኼው! ብርዱ ችግኙን ጨርሶ ወደ ሰው ተሻገረ» አለችኝ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በውሃ ጎማ ችግኝ አጠጥቻለሁ። ጠዋት ጎማውን ስከፍተው፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ጉብ ያለበት ቦታ አየር ይዞ እንቢ ይላል፤ ውሃው አይሄድም፣ አየሩ መውጫ እስኪያገኝ። አየር ሁልጊዜ ከፍ ያለውን ቦታ ነው የሚመርጠው። እኛ ደግሞ ከፍ ያለውን ቦታ ቦይለሩ አፍ ላይ አድርገን፣ መውጫ ቫልቩን ሠላሳ እርምጃ ርቀን ዝቅተኛው ጥግ ላይ ተከልነው! አየሩ ጉሮሮው ላይ ተቀምጧል፤ ሙቁ ውሃ በየት ይለፍ? ቫልቩን በየጠዋቱ ስንከፍተው እኮ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነበር የሚወጣው።

ያን ጊዜ ሌላውም ገባኝ፤ የአሥረኛ ክፍል ፊዚክሴ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሥራ አገኘ። የአንተ ፋብሪካ ጨርቅ የሚያቀልመው በእንፋሎት ነው። እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፣ ያ ውሃ ደግሞ ወደ ታች መፍሰስ አለበት። ስለዚህ ወደ ታች አልክ። ልክ ነህ! የእኔ ግን የመታጠቢያ ቤት ቦይለር ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ውሃ ነው። እኔ ጋ መውጣት ያለበት አየሩ ነው፤ አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከመታጠቢያ ቤት ነው ብዬ ጽፌልህ አለፍኩ እንጂ እንፋሎት እንደሌለው አፌን ሞልቼ አልነገርኩህም። አራት ገጽ ሙሉ ለፍልፌ ዋናውን ቃል ዘለልኩት።

አሁን ለበያጁ ማን ይንገረው? «ቁረጠውና ጥጉን ወደ ላይ እናንሳው» ስለው በሁለት እጁ ወገቡን ያዘ።

«እትዬ፣ ወንድምሽ ወደ ታች ብሏል።»

«አውቃለሁ።»

«በጽሑፍ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ።»

«እኔም ማንበብ እችላለሁ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ቦይለር ላይ የቆመ ሰው! አንቺው አይደለሽ እንዴ ጋሼ የተናገረው አይታጠፍም ያልሽው?»

«እኔ ነኝ። አሁንም የማጥፈው እኔው ነኝ፤ ቁረጠው!»

«እትዬ፣ በኋላ እሳቸው ሲሰሙ…»

«እሳቸው አይሰሙም! ከሰሙም በጥርሳቸው ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ይቅርታ አድርግልኝ፣ በንዴት ነው።

እንጨቱን አፉ ላይ ደቀንኩለት። እንቢ አለ። ረጅሟ «ፈራህ እንዴ?» ስትለው ነከሰው። ጥጉ ላይ መታሁለት፣ ቦይለሩ አጠገብ መታሁለት። ዓይኑ ፈጠጠ። መቁረጫውን አነሳ።

ሁለት ጣት ያልከውን አድርገነዋል፤ ከነበረበት ሁለት ጣት በየሁለት እርምጃው። ወደ ላይ ነው እንጂ። በተገለበጡ የአበባ ማሰሮዎችና በጡብ ደገፍነው። መልኩ እንደ መጀመሪያው አያምርም። ትንሿ ቫልቭ ቧንቧው ላይ ከነበረችበት ሳትነቃነቅ ከሁሉም ከፍ ያለች ሆነች። በማግስቱ ጠዋት እሳት ለኮስንና ከፈትኳት። ፍስስስስ አለች ጋሼ! የሦስት ሳምንት ትንፋሽ! እንደ ተቆጣ ሰው ተፋች፣ ተንፈቀፈቀች፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ውሃ ረጨች። ዘጋኋት። ሦስታችን ቧንቧው ላይ እጃችንን አሰልፈን ቆምን፤ በያጁ መሃል፣ ረጅሟ ከእሱ ወዲህ፣ እኔ ጥጉ ላይ። «መጣ!» አለ በያጁ። «እኔም ጋ መጣ!» አለች ረጅሟ። እኔ ጋ ለመድረስ ከዚያ ብዙ አልቆየም፤ ለእኔ ግን ዘመን ነው። መጀመሪያ ለብ አለ። ቀጥሎ እጄን አነሳሁ። አቃጠለኝ! የተቃጠለ እጄን ይዤ ስስቅ ብታየኝ!

ሦስቱም ሺህ ችግኝ በየመደቡ ተዘርግቷል፤ አረንጓዴነቱ እየተመለሰ ነው።

ተቀይመኸኛል? ደብዳቤህን ከግድግዳው አላነሳሁትም፤ «ወደ ታች» የምትለዋን ብቻ በእርሳስ ሰርዤያታለሁ። ታላቄን መሰረዝ ቀላል እንዳይመስልህ።

ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅህ። ደብዳቤህ ለምን ነጭ ሆነ?

እህትህ ፌንጣ


ታኅሣሥ 27

ለእህቴ፣

ተቀምጬ አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን እንደነካኝ በጽሑፍ ጠየቀኝ፤ «ታናሽ እህቴ ሰረዘችኝ» ብዬ ጻፍኩለት።

ልክ ነሽ። የመታጠቢያ ቤት ቦይለር ነው ያልሽውን አንብቤዋለሁ። ዓይኔ አነበበው፣ እጄ ግን የሚያውቀው እንፋሎት ነው። ጥፋቱን ለራስሽ አታድርጊው፣ የእኔ ነው።

ስለ ደብዳቤዬ ንጣት ልንገርሽ። የእኛ ቦይለር ከጠፋ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ፋብሪካው በኤሌክትሪክ ሆኗል። እኔን የዕቃ ግምጃ ቤት ነው ያስቀመጡኝ፤ መጥረጊያና ባልዲ ሰጥቼ እቀበላለሁ። ለምን አልነገርከኝም እንዳትይ። አንቺ ስለ እኔ ለሰው ስታወሪ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። የጠፋ ቦይለር ወንድም እንዲኖርሽ አልፈለግሁም።

ቧንቧው ወዴት ያዘንብል ብለሽ ስትጠይቂኝ ወደ ድሮው ክፍሌ ገባሁ። ቁልፉ አሁንም እኔ ጋ ነው። ቀዝቃዛውን ቧንቧ በጣቴ ለካሁ፣ ያንኑ ጻፍኩልሽ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። የላክሁልሽ የሞተ ቧንቧ ልኬት ነው።

አንቺ በጥርስሽ ሰምተሽ ያረምሽው የእኔን ሥራ ነው። እኔ ያስተማርኳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ተሳስተሃል ያለኝ አንድም የለም። እኔ እንዳልተሳሳትኩ ሳይሆን እንዳልደፈሩ አሁን ገባኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዓመት ከሁለት ወር ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ጥርሴም ሥራ ፈቷል። ውሃው ሲሄድ ምን ይላል? እንፋሎት ያፏጫል፤ ውሃውን ግን አላውቀውም።

የጥር 8ቱን ጻፊልኝ። አጭር አድርጊው አልልሽም።

ወንድምሽ


ጥር 9

ለወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ይዤ ቦይለሩ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እንባዬ ክዳኑ ላይ ሲወድቅ ጭስስስ አለ። ከዚያ ተናደድኩብህ። ዓመት ከሁለት ወር! እኔ ስለ ሁለት መቶ አርባ ቃሪያ ሦስት ሳምንት መዋሸት ከብዶኝ ሌሊቱን ስገላበጥ! በቃ፣ ተናድጄ ጨረስኩ። አሁን የትናንቱን ስማ።

ትናንት ጠዋት ውጭው ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነበር። ከአምናውም ከካቻምናውም የባሰ ነው። ይታያል ከሦስት ሰዎች ጋር መጣ፤ አራቱም ወፍራም ካፖርት ለብሰው፣ አንገታቸውን ቀብረው። አንደኛው ሜትር ይዟል። ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ለመኪና ማቆሚያው ነው የሚለካው።

በሩን ከፈትኩላቸው። የአራቱም መነጽር ባንዴ ደፈነ! እንደ ዕውር በር ላይ ተደናብረው ቆሙ። ረጅሟ «ግቡ እንጂ፣ ሙቀቱ ይወጣል» አለች፤ ኃላፊ ነው እንኳን አላለችም። መነጽራቸውን ጠርገው ሲያዩ ጋሼ፣ ሦስት ሺህ ችግኝ ከበር እስከ ጥግ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ቆሟል። ቲማቲሙ ሁለት ቅጠል ጨምሯል። ባለፈው ወር እንደገና የዘራሁት ቃሪያ እንኳ አንገቱን አውጥቷል።

ሜትር የያዘው ሰው አላመነም። «በር አጠገብ ነው የሚሞቀው» ብሎ እስከ ጥጉ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ካፖርቱን ፈታ። ትንሽ ቆይቶ አወለቀው። ሁለቱም ተከትለው አወለቁ። ሜትሩን የሚያስቀምጥበት አጥቶ መደቡ ላይ ጣለው፤ ሲወጣም ረስቶት ሄደ። አሁን ረጅሟ የመደቦቹን ርቀት ትለካበታለች።

ይታያል ግን ካፖርቱን አላወለቀም። ላቡ በግንባሩ እየወረደ ግድግዳው ላይ ያለውን ደብዳቤህን አነበበ። «ይህ የተሰረዘው ምንድን ነው?» አለ። ነገርኩት። እንጨቱንም አሳየሁት። ሰዎቹን ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ ካፖርቱን ለበያጁ አሸክሞ ጎንበስ አለና እንጨቱን ነከሰው! የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ፣ ከነከረባቱ፣ የመጥረጊያ እጀታ በአፉ! ማንም አልሳቀም። ረጅሟ ብቻ ፊቷን ወደ ቲማቲሙ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ቆየ። እንዲያውም በዛ። ሲነሳ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። «ይሄዳል እኮ!» አለ። «ውሃው ይሄዳል!»

«ይሄዳል ጌታዬ» አልኩት።

ሰዎቹ ለብቻቸው ተነጋገሩ፤ እኔ አልሰማሁም። ይታያል ወደ እኔ መጣና መስታወቱ እንደማይነቀል ነገረኝ። እንዲሁ፣ በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ያኛውን፣ ከጓሮ ያለውን የተሰባበረ የመስታወት ቤት አየና፣ «ይህ ቦይለር ያንንም ይችላል?» አለ።

«ቦይለሩ ይችላል። ቧንቧውን የሚያነብ ሰው ያስፈልገኛል።»

«ሰው አለሽ?»

«አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል።»

«ደብዳቤው ላይ ያለው? የሰረዝሽው?»

«እሱው ነው።»

«ይሰማል?» አለ፤ ስለ ጆሮህ ነግሬዋለሁ።

«ጌታዬ አሁን በጥርስዎ ምን እንደሰሙ ያውቃሉ» አልኩት። ሳቀ። «ጻፊለት» አለ። በጽሑፍም ሰጠኝ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ክፍልም አለህ፤ ከቦይለሩ በስተጀርባ ነው፣ ግድግዳው ሁልጊዜ ይሞቃል። ጉልበትህ ይወደዋል። የመጥረጊያውንና የባልዲውን ቁልፍ መልስላቸው። የቦይለሩን ክፍል ቁልፍ ከፈለግክ ያዘው፣ ማንም አይጠይቅህም።

በያጁ ካሁኑ ፈርቶሃል። «ሲመጡ ወደ ታች ቢሉስ?» ይለኛል። «ያን ጊዜ ሁለታችሁም እንጨት ትነክሳላችሁ» ብዬዋለሁ።

ውሃው ምን ይላል ላልከው፣ ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይገባ ለአንተ ብዬ ነክሼ አዳመጥኩት። አያፏጭም። ዝቅ ያለ ነገር ነው፤ ልጅ ሆነን እናታችን ጀርባዋን ሰጥታን ሥራ እየሠራች በአፍንጫዋ የምታንጎራጉረው ዓይነት፣ ቃል የሌለው፣ የማያቋርጥ። ከቦይለሩ ወደ ጥጉ ይሄዳል፣ ከጥጉ ይመለሳል። ከዚህ በላይ በወረቀት አይሆንልኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አለቀብኝ።

ይህን የምጽፈው እሳቱን እየቆሰቆስኩ ነው። አሁን ሳየው ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣቴ ጥላሸት ቁጭ ብሏል። በአዲስ ወረቀት ልገለብጠው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ቶሎ ና።

እህትህ ፌንጣ